ሩብ ዙር

እናቱ ያወጣችለት ስም አለው። ዳገቱን የሚወጡ ሾፌሮች ግን ያንን ስም አያውቁትም፤ ቢነገራቸውም «እሱ ደግሞ ማነው?» ነው የሚሉት። እነሱ የሚያውቁት «ሩብ ዙር» የሚባለውን ሰው ነው። ስሙ የመጣው ከሥራው ነው። ሰውየው ፖምፒስታ ነው፤ የናፍጣ መኪና ፖምፓ ይፈታል፣ ያጥባል፣ ይገጥማል። ሞተሩ ምን ያህል ናፍጣ እንደሚጠጣ የምትወስነው ፖምፓው ጎን ላይ ያለች፣ የጣት ጫፍ የምታህል ብሎን ናት። ፋብሪካው ልኳን ሰጥቶ፣ በሽቦና በእርሳስ አሽጎ ይሰዳታል። ሾፌሩ ደግሞ መኪናው ዳገት ላይ ሲያቃስትበት ዳገቱ ሥር ወዳለው ጋራዥ ይመጣና «ጋሼ፣ ጉልበት የለውም» ይላል። ያኔ ሰውየው ማሸጊያውን ይበጥስና ካቻቢቴውን ብሎኗ ላይ አሳርፎ «ሩብ ዙር ብቻ» ይላል። «ብቻ» የምትለዋን ረስቷት አያውቅም።

ሩብ ዙር የተከፈተለት መኪና ሌላ መኪና ነው። ሙሉ ጭኖ፣ ማርሽ ሳይቀንስ፣ ዳገቱን እየፎከረ ይወጣዋል። ከኋላው ጥቁር ጭስ ይለቃል፤ መቼም በደንብ ያልተቃጠለ ናፍጣ በሆነ በኩል መውጣት አለበት። ግን ጭሱ ከኋላ ነው፤ ሾፌር የሚያየው ወደፊት ነው፤ ፖምፒስታንም የሚያመሰግነው ከፊት የተቀመጠው ሰው ነው። አንዳንዶቹ ውለታውን ላለመርሳት መኪናቸው ጀርባ ላይ፣ ከጭስ ማውጫው ከፍ ብሎ፣ በቢጫ ቀለም «ሩብ ዙር» ብለው አስጽፈዋል። ጽሑፉ ብዙም ሳይቆይ ይጠቁርና እንደገና ያስቀቡታል።

ቤቱ ዳገቱ ወገብ ላይ ነው፤ አስፋልቱ ጠምዘዝ ብሎ ቀጥ የሚልበት፣ ደካማ መኪና ማርሽ የሚቀንስበት ቦታ። ሌላው ሰው በነጻ ቢሰጡት የማይኖርበትን ቤት እሱ መርጦ ነው የገባበት። በእረፍት ቀን ምሳውን ይበላና መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ጆሮውን ያቆማል። አንዱ እያጓራ ሲያልፍ «ይሄ የኔ ነው» ይላል። ሌላው እየተንተፋተፈ ማርሽ ሲቀንስ ደግሞ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ የሌላ ሰው እጅ ነው።

«አንተ ሰውዬ» ትለዋለች ሚስቱ፣ «ሰው ሬዲዮ ያዳምጣል፤ አንተ የጭነት መኪና ታዳምጣለህ።»

«ሬዲዮ ይዋሻል። ሞተር አይዋሽም።»

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ የቆመው እዚያው መስኮት ሥር ነው፤ ቤቱ ውስጥ ደህና ብርሃን የሚገባው በዚያ ብቻ ነው። የምትሰፋው ነጭ ጋዋን ነው፤ ለሐኪም፣ ለመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፣ ለላቦራቶሪ ተማሪ። ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው፣ ኪሷ አይንጋደድም፤ ስለዚህ ደንበኛ ጠፍቶባት አያውቅም። ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል። ቤቱ ውስጥ የቀሩት ባልና ሚስቱ፣ የስፌት መኪናዋና የዳገቱ ጩኸት ናቸው።

ጉዱ የጀመረው በጋዋኖቹ ነው። አንዲት ደንበኛ ከወሰደች ብዙም ያልቆየች አዲስ ጋዋን መልሳ አመጣችና አንገትጌውን ገልብጣ አሳየቻት። ደቃቅ ጥቁር ነገር ተበትኖበታል። ልብስ ሰፊዋ የማሽኑ ዘይት መስሏት ማሽኑን ፈታትታ ወለወለችው። በማግስቱ ሌላ ጋዋን ላይ ያው ጥቁር ነገር ታየ። በእጇ ልታራግፈው ስትሞክር ደግሞ አልራገፍ ብሎ ጨርቁ ላይ መስመር ሠራ። ሳሉም የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር፤ በኋላ ደረጃ ስትወጣ ሆነ፤ በኋላ ዝም ብላ በተቀመጠችበትም ትንፋሿን ይነጥቃት ጀመር።

ዳገቱ ጫፍ ላይ ወዳለው ሆስፒታል ወሰዳት። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ የልብስ ሰፊዋን ጀርባ ረጅም ጊዜ አዳመጠች።

«ቤት ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች።

ባልየው ደረቱን ነፋ። «እኔ በሕይወቴ አፌ ላይ አድርጌው አላውቅም።»

«በአካባቢያችሁስ ጭስ አለ?»

«ዳቦ ቤት አለ» አለ ወዲያው። «በማገዶ ነው የሚጋግሩት።»

«ክፉው በዓይን የምናየው ጭስ ብቻ አይደለም» አለች ሐኪሟ። «ጥቀርሻው በጣም ደቃቅ ነው፤ አፍንጫ አይዘውም፣ ሳንባ ድረስ ወርዶ እዚያው ይቀመጣል። የሳቸው ሳንባ ደግሞ አሁን ተቆጥቷል። ከጭስ ካልራቁ መድኃኒት ብቻውን አያድናቸውም።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን ሁሉ ስትሰማ ዓይኗን ከሐኪሟ ብብት ላይ አልነቀለችም። «ልጄ፣ ይሄን ጋዋን ማነው የሰፋልሽ?» አለች፣ ትንፋሿን እየለቃቀመች። «ተተርትሮ ሊወጣ እኮ ነው።»

በአፍ የሚነፋ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ወረዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳቦ ጋጋሪዋ የሩብ ዙር ጥርስ ውስጥ ገባች። ዳቦ ቤቷ ከመንገዱ ማዶ፣ ከቤታቸው ፊት ለፊት ነው። እሷ ባሏ የሞተባት፣ ክንደ ብርቱ ሴት ናት፤ ነገር አትወድም፣ ከመጣባት ግን አትሸሽም።

«ጎረቤት፣ ጭስዎ ሚስቴን ሊገድልብኝ ነው» አላት በር ላይ ቆሞ።

«የኔ ጭስ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ጌታዬ። እርስዎ ቤት ለመግባት አስፋልት መሻገር አለበት።»

«ነፋስ የሚባል ነገር አልሰሙም?»

«እንዴት አልሰማ፣ ይኸው ፊቴ ቆሞ ይነፍስብኝ የለ» አለችው።

ነገሩ ከረረ። እሱ ሰፈርተኛውን ቀሰቀሰ፤ እሷ የጭስ ማውጫዋን አስረዘመች። እሱ አሁንም አልበቃውም፤ ሌላ ዳቦ ቤት እየሄደ ዳቦ ይገዛ ጀመር። በመጨረሻ ማገዶዋን አስወጥታ የኤሌክትሪክ ምድጃ አስገባች። ያደረገችው ለልብስ ሰፊዋ ስትል እንጂ ለሱ ስትል እንዳልሆነም አላፊ አግዳሚው እየሰማ ነገረችው። እሱ ግን ድል አድርጎ እንደተመለሰ ሰው እየተንጎራደደ ቤቱ ገባ። «አየሽ?» አላት ሚስቱን፣ «አሁን ትድኛለሽ።»

አልዳነችም። መስኮቱ ተዘጋ፤ ክፍተቱ ሁሉ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቀጠቀ። ልብስ ሰፊዋ ቀኑን ሙሉ በአምፖል ብርሃን ትሰፋለች። ነጭ ክር በነጭ ጨርቅ ላይ በአምፖል አይታይም፤ ስፌቷ ተንሻፈፈ፣ ኪሶቿም መንጋደድ ጀመሩ። ከሳሉ ይልቅ ይህ አናደዳት። «በቁሜ ጉድጓድ ውስጥ ከተትከኝ» ትለው ነበር። ቤት የመቀየር ወሬም ተነሳ። ግን ከተማው ሁሉ ዳገት ነው፤ ዳገት በሌለበት መኪና የሚደረደርበት የትራፊክ መብራት አለ፤ የት ይሄዳሉ?

አንድ ጠዋት ዳቦ ጋጋሪዋ የሊጥ መሸፈኛ ጨርቅ ይዛ ጋራዡ ድረስ መጣች። አጥባ በረንዳዋ ላይ ያሰጣችው ነጭ ጨርቅ ነው። ነጭነቱ አሁን ለወሬ ብቻ ቀርቷል።

«እኔ ማገዶ ካነደድኩ ይኸው ስንት ጊዜዬ» አለች። «ታዲያ ይሄ የማን ጭስ ነው?»

ጨርቁን ተቀብሎ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል አሸው። የማገዶ ጥቀርሻ ደረቅ ነው፣ ሲያሹት ይፈረፈራል። ይሄ አልተፈረፈረም፤ እንደ ኩል ተለቀለቀ፣ ጣቱ ላይም ቅባት ነገር ተወበት። ማሽተት አላስፈለገውም። ዕድሜ ልኩን ናፍጣ ከሚረጨው ኖዝል ጫፍ የሚፍቀው፣ ማታ ማታ ከጥፍሩ ሥር በሳሙና የሚያወጣው ያው ጥቁር ነው። ቀና ሲል አንድ የአሸዋ መኪና ዳገቱን ጀምሮታል። ማርሽ አልቀነሰም። ጀርባው ላይ ያለው ቢጫ ጽሑፍ ጭሱ መሃል ብቅ ጥልቅ ይላል።

«የመንገድ አቧራ ይሆናል» አላት።

«አቧራ ጥቁር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?» ብላ ጨርቋን ነጥቃው ሄደች።

አፈረ። አንዲትን ሴት ባልሠራችው ሥራ አንገላትቷታል፤ የሠራው ሰው ደግሞ እዚያው ጋራዥ ውስጥ ካቻቢቴ ይዞ ቆሟል። ከማፈሩም በላይ ፈራ። «ሩብ ዙር ብቻ እኮ ነው» አለ ለራሱ። ከዚያ በዚያ ዳገት ላይ ለስንት መኪና ሩብ ሩብ እንዳደለ ማሰብ ጀመረና መሃል ላይ ተወው።

ለማንም ሳይናገር መዝጋት ጀመረ። ፖምፓ ሊያጸዳ የመጣውን፣ ናፍጣ አንጠባጠበብኝ ያለውን፣ የሚስቱን ወንድም ሚኒባስ ሳይቀር፣ ሁሉንም፣ ሥራውን ሲጨርስ ብሎኗን ሩብ ዙር ወደ ኋላ እየመለሰ ይሸኛቸው ገባ። ሾፌሮቹ እየተመለሱ «ጋሼ፣ መኪናዬ አርጅታለች መሰለኝ» ሲሉት «አዎ፣ አርጅታለች» ይላል አይኑን በጨው አጥቦ። ውሸቱ ግን ብዙ አላራመደውም። ሾፌር ሊታለል ይችላል፤ ዳገት አይታለልም። ወሬው ተሰማ። እሱ ጋ ሥራ የለመደ አንድ ጎልማሳ ከመንገዱ ማዶ የራሱን ጋራዥ ከፈተና በሩ ላይ ትልቅ አድርጎ «ግማሽ ዙር» ብሎ ጻፈበት። ሰልፉ ወደዚያ ዞረ። ሩብ ዙር ባዶ ጋራዡ በር ላይ በርጩማውን አውጥቶ ተቀመጠና ተማሪው የነበረው ሰው የሚከፍታቸውን መኪናዎች በጆሮው ይከታተል ጀመር። ቅናትም ነበረበት፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ለሚስቱ የነገራት በዚያው ሰሞን ነው። ስፌት ላይ ነበረች። የጀመረችውን መስመር እስከ ጫፍ አደረሰች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ከዚያ ቀና አለች።

«ስለዚህ አንተ ነህ።»

«እኔም አለሁበት።»

«ዳቦ ጋጋሪዋን ይቅርታ ጠይቀሃታል?»

«አልጠየቅኳትም።»

«የወንድሜንስ ሚኒባስ?»

«ዘግቼዋለሁ።»

«ነግረኸዋል?»

«አልነገርኩትም።»

«እንግዲያው እሱ ይነግርሃል» አለችና ፊቷን ወደ ማሽኗ መለሰች። በጣም ተቆጥታ ነበር። ለብዙ ቀን ሲገባም ሲወጣም ቀና ብላ አላየችውም። ዳቦ ጋጋሪዋ ዘንድ ሄዶ ይቅርታ ከጠየቀ በኋላ ብቻ ነው፣ ያውም ትኩስ ዳቦ ተሸክሞ ሲመለስ፣ «አስቀምጠው እዚያ» ያለችው።

ወንድሟ በእርግጥም ነገረው። ሰው የሚጭን የናፍጣ ሚኒባስ ነው የሚነዳው፤ ችኩል ነው፣ እህቱን ግን እንደ እናት ነው የሚያያት። ጋራዡ ድረስ መጥቶ ወረደና የሚኒባሷን በር ደረገመው።

«ጋሼ፣ ዛሬ አንድ ተሳፋሪ ‹እቸኩላለሁ› ብሎ ወርዶ በእግሩ ቀድሞኝ ወጣ። መኪናዬን ምን አደረግካት?»

ሩብ ዙር ሁሉንም ነገረው፤ ስለ ጨርቁ፣ ስለ እህቱ ሳንባ፣ ስለ ብሎኗ።

«እሺ፣ እኔ ዘጋሁ እንበል» አለ ወንድምየው። «ከፊቴ ያለው፣ ከኋላዬ ያለውስ? የኔ አንዷ ሚኒባስ ተዘግታ እትዬ ትድናለች?»

«አትድንም» አለ ሩብ ዙር።

«ታዲያ?»

ወንድምየው ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ከዚያም ማንም ሳያየው ወደ ግማሽ ዙር ጋራዥ ጎራ ብሎ አስከፈታት።

ሕመሙ የጠናባት ነፋስ በሌለበት አንድ ረፋድ ላይ ነው። ለአንድ ጋዋን የሚስማማ ክር ለመምረጥ ብላ፣ ለአፍታ ያህል፣ መስኮቱን ከፈተች። ክሩ በአምፖል ብርሃን አንዱ ከአንዱ አልለይ ብሏት ነበር። በዚያችው አፍታ የሲሚንቶ መኪናዎች ተከታትለው ሽቅብ ወጡ። ዳቦ ጋጋሪዋ ከማዶ ያየቻት መስኮቱን ልትዘጋ ስትታገልና ሳትችል ስትቀር ነው። ሊጧን ጥላ አስፋልቱን ተሻገረች፣ ለልብስ ሰፊዋ ወንድምና ለባሏ ደወለች። ወንድምየው ተሳፋሪዎቹን መንገድ ላይ አራግፎ መጣ። እሱ ሲደርስ ሩብ ዙርና ዳቦ ጋጋሪዋ ልብስ ሰፊዋን ደግፈው በር ላይ አውጥተዋታል። ከንፈሯ ጠቁሯል። የሚነፋው መድኃኒት እጇ ላይ ነው፤ ምንም አልፈየደላትም።

ሚኒባሷ ዳገቱን ጀመረች። ሩብ ዙር ኋላ ወንበር ላይ የሚስቱን ራስ ደረቱ ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። ጥቂት እንደተጓዙ ጆሮው ነቃ። ይህ እሱ የዘጋው ሞተር አይደለም። እሱ ከፍቶት የነበረውም አይደለም፤ ከዚያም ያለፈ ነው። ዘወር ብሎ በኋላ መስታወት አየ። መንገዱ የለም። ቤታቸው የለም፣ ዳቦ ቤቱ የለም፤ ሁሉንም ጥቁር ጭስ ውጦታል። ጭሱ ሳሳ ሲል ዳቦ ጋጋሪዋ ሽርጧን አፍንጫዋ ላይ ይዛ መንገዱ ዳር ቆማለች። ያኔ ሚስቱ አየር ስትስብ ደረቷ ውስጥ ፉጨት ተሰማው።

«ጨምር» አለ። «ጨምር አንተ፣ ምን ትጠብቃለህ።»

ወንድምየው ጨመረ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ አደረጉላት፣ መርፌ ወጓት፣ አስተኟት። ሐኪሟ ስትወጣ ፊቷ ላይ የነበረው ጭንቀት ረግቦ ነበር። «በጊዜ ደረሳችሁ» አለች።

«ሰማህ ጋሼ?» አለ ወንድምየው ኮሪደሩ ላይ። ድምጹ ውስጥ ንዴት አልነበረም። «በጊዜ ነው ያለችው። በአንተ ብሎን ቢሆን አሁንም ዳገቱ ወገብ ላይ ነበርን።»

እውነቱን ነው። ሩብ ዙር ግድግዳውን ተደግፎ ይህን ሲያስበው ዋለ፤ በማግስቱም፣ ሚስቱ ቁጭ ብላ መብላት ስትጀምርም። ያቺ ጥቁር ጭስ ሚስቱን አሳመመቻት፣ ያቺው ጥቁር ጭስ ሆስፒታል አደረሰቻት። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ወስዶ ሌላውን መተው አልቻለም።

የምትወጣበት ቀን ወንድምየው ሚኒባሷን ግቢው ውስጥ አቁሞ ጠበቃቸው። ልብስ ሰፊዋ ኋላ ወንበር ላይ ነጠላ ለብሳ ተቀመጠች። ሩብ ዙር ኮፈኑን አስከፈተና ካቻቢቴውን ከኪሱ አወጣ። ብሎኗ ላይ አሳረፈው። እጁ ግን ቆመ። ዕድሜውን ሙሉ ወደ የት እንደሚያዞር ጠይቆ የማያውቅ እጅ ነው። ደግሞ ቢያማትስ? ደግሞ ያ ዳገት ቢመጣስ? ወንድምየው አጠገቡ ቆሟል፤ ተው አላለውም፣ አድርግም አላለውም።

«ምን ትጠብቃለህ አንተ ሰውዬ?» አለች ከውስጥ። «ዝጋውና እንሂድ።»

«እትዬ፣ ደግሞ ቢያምሽስ?» አለ ወንድሟ።

«ቢያመኝ ቀስ ብለህ ታወጣኛለህ። የዚያን ለት ስንወጣ ከኋላችን የቀረው ሰው ሁሉ ሳንባ የለውም? ያቺ ዳቦ ጋጋሪ ተሸክማኝ ወጥታ፣ ፊቷ ላይ ለቀንባት ሄድን።» ለመቀጠል ትንፋሿን ጠበቀች። «ደግሞ አሁን ቁልቁለት ነው። ለቁልቁለት ምን ጉልበት ያስፈልጋል?»

ወንድምየው ሳይወድ ሳቀ። ሩብ ዙር ብሎኗን ሩብ ዙር መለሳት፤ ከዚያ ሌላ ሩብ። ፋብሪካው የሰጣት ልክ ያች ነበረች።

እቤት አድርሷቸው ወንድምየው ወደ ሥራው ሄደ። ልብስ ሰፊዋ ማሽኗ ፊት ተቀመጠች፤ መስኮቱ ዝግ ነው፣ አምፖሉ በርቷል። ዳገቱ ሥር የግማሽ ዙር ሰልፍ እንዳለ ነው። አንድ የድንጋይ መኪና እያጓራ አለፈ፣ ከኋላው አውቶቡስ። ከዚያ ትንሽ ክፍተት መጣና ከታች የሚኒባስ ድምጽ ተሰማ፤ ሰው ሙሉ ጭኖ፣ ኩርባው ላይ ማርሽ ቀነሰ፣ ደግሞ ቀነሰ፣ እንደ ደከመው ሽማግሌ እያዘገመ ወጣ።

«ማነው እሱ?» አለች። ታውቃለች።

«ወንድምሽ ነው» አለ ባሏ።

ተነስታ እርጥቡን ጨርቅ ከክፍተቱ ነቀለችና መስኮቱን ከፈተች። ብርሃን ገባ፣ ነጩ ጋዋን ላይ አረፈ። ሚኒባሷ በመስኮቱ ሥር አለፈች፤ ከኋላዋ ምንም አልነበረም፣ አስፋልቱ ብቻ። ልብስ ሰፊዋ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ሳበች፣ አንድ ጊዜ አስወጣች። ባሏ ቁልቁል ጆሮውን አቁሟል።

«ከባድ መኪና እየመጣ ነው» አላት።

ዘጋችው።